ማዮሲን በአንጎል ውስጥ፦ የአንድ ሙከራ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ጥቅምት 4 ቀን

ቤተ ሙከራው የሚረከበው ደብተር በእንግሊዝኛ የሚጻፍ ነው። ይህኛውን በአማርኛ የምይዘው ለራሴ ነው፤ ያልገባኝን ነገር በባዕድ ቃል ሸፍኜ ማለፍ እንደሚቀናኝ፣ በአማርኛ ስጽፍ ግን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ እንደሚያጋልጠኝ ካወቅሁ ቆይቻለሁ።

የተሰጠኝ ጥያቄ ሲሰሙት ቀላል ነው፦ ከጡንቻ ውጭ የሚገኙት የማዮሲን 2 ዓይነቶች በጎልማሳ አይጥ አንጎል ውስጥ በየትኞቹ ሕዋሳት ይገኛሉ? ማዮሲን፣ የመኮማተር ኃይል የሚያመነጨው ፕሮቲን፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጡንቻን ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቪልሄልም ኩነም እ.ኤ.አ. በ1864 ያገኘው ከጡንቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ግን ሶል በርልን ጨምሮ አራት ተመራማሪዎች አክቶማዮሲን (ማዮሲን አክቲን ከተባለው ክር ሠሪ ፕሮቲን ጋር የተጣመረበት) መሰል ፕሮቲን ከአጥቢ እንስሳት አንጎል ማውጣታቸውን አሳተሙ። የማይንቀሳቀስ በሚመስለው አንጎል ውስጥ የመኮማተር መሣሪያ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ሲያነጋግር ኖሯል።

ይህ ፕሮቲን ስድስት ክፍሎች አሉት፦ እያንዳንዳቸው ወደ 230 ኪሎ ዳልተን የሚመዝኑ ሁለት ከባድ ሰንሰለቶች፣ ባለ 20 ኪሎ ዳልተን ሁለት ተቆጣጣሪ ቀላል ሰንሰለቶች እና ባለ 17 ኪሎ ዳልተን ሁለት ሌሎች ቀላል ሰንሰለቶች። ዓይነቱን የሚወስነው ከባዱ ሰንሰለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳቺዮ ካዋሞቶ እና ሮበርት አደልስታይን በዶሮ ላይ ሠርተው ከጡንቻ ውጭ ሁለት የተለያዩ ከባድ ሰንሰለቶች እንዳሉ አሳዩ፤ ሦስተኛው ዘግይቶ ተጨመረ። ዛሬ 2ኤ፣ 2ቢ እና 2ሲ እንላቸዋለን፤ ዘረ መሎቻቸውም በቅደም ተከተል ኤምዋይኤች9፣ ኤምዋይኤች10 እና ኤምዋይኤች14 ይባላሉ። ሥራቸው አንድ አይደለም፦ 2ኤ የአክቲንን ክር ፈጠን አድርጎ ይስባል፣ 2ቢ ደግሞ ቀርፋፋ ቢሆንም የያዘውን ክር ቶሎ ስለማይለቅ ውጥረትን ለረጅም ጊዜ ተሸክሞ ለመቆየት ይመቻል። ስለዚህ «ማዮሲን አለ» ማለት ብቻውን ብዙም አይነግረንም፤ የትኛው፣ በየትኛው ሕዋስ ውስጥ ማለት ያስፈልጋል።

ጥቅምት 8 ቀን

ናሙናው ከሌላ ሥራ የተረፉ አራት የአይጥ አንጎሎች ነው፤ የእንስሳት አጠቃቀም ኮሚቴው ፈቃድ አለበት። ሁለቱ ወዲያው በፈሳሽ ናይትሮጅን የቀዘቀዙ ሲሆኑ ሁለቱ እንደወጡ ሕብረ ሕዋስን አጽንቶ በሚያቆይ 4 ከመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ውስጥ የተነከሩ ናቸው። አራቱም ደማቸው በልብ በኩል አልታጠበም። ይህን እዚህ የምጽፈው ለሥርዓቱ ያህል ነው።

ዛሬ ከቀዘቀዙት ውስጥ የአንዱን ሴሬቤለም (ትንሹን አንጎል) እና ኮርቴክስ (የአንጎሉን ውጫዊ ንብርብር) ለየብቻ ፈጨሁ። የተጠቀምሁበት በፈር (አሲድነቱ በቀላሉ የማይለዋወጥ መፍትሔ) ለሌሎች ፕሮቲኖች ሁልጊዜ የምጠቀምበት፣ ጨዉ ዝቅተኛ የሆነ በፈር ነበር። ከሴንትሪፉጁ በኋላ የላዩን ፈሳሽ ወስጄ፣ የታችኛውን ዝቃጭ እንደ ልማዴ ልጥለው ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝና በበረዶ ላይ አስቀመጥሁት።

ትዝ ያለኝ የማዮሲን 2 ጠባይ ነው። ጨው አነስ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ሞለኪውሎቹ በጭራቸው ተያይዘው ወደ 300 ናኖሜትር የሚረዝም፣ በሁለት ጫፉ ራሶች ያሉት ክር ይሠራሉ፤ ኤቲፒ (የሕዋስ የኃይል ምንጭ) ከሌለም ራሶቹ የአክቲንን ክር ጨብጠው አይለቁም። እንዲህ የተቆላለፈ ነገር በሴንትሪፉጅ ሲሽከረከር የሚወርደው ወደ ታች ነው። ስለዚህ ዝቃጩን ግማሽ ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ እና 5 ሚሊ ሞላር ማግኒዥየም ኤቲፒ ባለበት በፈር እንደገና አሟሟሁት።

ጥቅምት 11 ቀን

230 ኪሎ ዳልተን የሚያህል ፕሮቲን፣ ፕሮቲኖችን በመጠናቸው በሚለየው በተለመደው ጄል ውስጥ እንደልቡ አይሄድም። ጄሉን 6 ከመቶ አድርጌ አዘጋጀሁት፤ ወደ ሜምብሬን የማሻገሩን ሥራ ደግሞ በ30 ቮልት በቀዝቃዛው ክፍል ሌሊቱን ሙሉ እንዲሠራ ተውሁት።

ውጤቱ ጥሩ ትምህርት ነበር። በዝቅተኛ ጨው በወጣው ፈሳሽ ውስጥ የ2ቢ መስመር በጭንቅ የሚታይ ሲሆን ልጥለው ከነበረው ዝቃጭ የተሟሟው ግን በጣም ደማቅ ነው። ዝቃጩን ጥዬው ቢሆን ኖሮ «በአንጎል ውስጥ 2ቢ አነስተኛ ነው» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ይህም ሲታወቅ ከኖረው ነገር ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ከሦስቱ በአንጎል ውስጥ ጎልቶ የሚገኘው 2ቢ ነውና።

መቆጣጠሪያዎቹም በየቦታቸው ናቸው። የደም ፕሌትሌት (ደምን የሚያረጋው ጥቃቅን የደም ክፍል) 2ኤን ብቻ ስለሚይዝ በ2ቢ አንቲቦዲ (2ቢን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) ባዶ ሊሆን ይገባል፤ ሆነም። ኮስ-7 የሚባሉት የጦጣ ኩላሊት ሕዋሳት ደግሞ 2ኤ የላቸውም፤ በ2ኤ አንቲቦዲ ምንም አልታየባቸውም። አንቲቦዲዎቹ የተዘጋጁት ዓይነቶቹ እርስ በርስ በጣም በሚለያዩበት በሰንሰለቱ የመጨረሻ ጫፍ ላይ በመሆኑ አንዱ የሌላውን አይነካም።

በአንጎሉ ናሙና ላይ ግን 2ኤም አለ። ከ2ቢ ይደክማል፤ ነገር ግን የማያሻማ መስመር ነው። ከየትኛው ሕዋስ እንደመጣ ጄሉ ሊነግረኝ አይችልም። ኮርቴክስ ሲፈጭ የነርቭ ሕዋሱም፣ ደጋፊ ሕዋሱም፣ የደም ሥሩም፣ በደም ሥሩ ውስጥ የቀረው ደምም አንድ ላይ ሾርባ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው መንገድ ቁርጥራጭ ሕብረ ሕዋስን በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።

ጥቅምት 18 ቀን

የተነከሩትን ሁለት አንጎሎች በመጀመሪያ በ15 ከመቶ፣ ቀጥሎ በ30 ከመቶ የስኳር ውሃ ውስጥ እስኪሰጥሙ አቆየኋቸው። ስኳሩ ውሃውን ስለሚያስወጣ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ የበረዶ ቅንጣት ሕብረ ሕዋሱን አይበሳሳውም። ከዚያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሆነ ክሪዮስታት በ30 ማይክሮሜትር ውፍረት ቆረጥኋቸው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ቁርጥራጮች እንደ ነጠላ ጠርዝ ተጠቅልለው ተበላሹ፤ ምላጩ ሲቀየር ተስተካከሉ። ስለ መቁረጥ ሌላ የምጽፈው የለኝም፤ እጅ የሚማረው ሥራ ነው።

ጥቅምት 22 ቀን

ዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር የዋልሁት። ለ2ኤ የተጠቀምሁት ከአይጥ የተሠራ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ሲሆን በሁለተኛነት ያስከተልሁት የመጀመሪያውን ፈልጎ የሚይዘውን፣ አረንጓዴ የሚያበራውን ፀረ አይጥ አንቲቦዲ ነው። ኮንፎካል ማይክሮስኮፑ ሥር ያየሁት ሥዕል ሊታተም የሚችል ነበር፦ ዙሪያው ሁሉ ጨለማ ሆኖ የደም ሥሮቹ ብቻ፣ ከትልልቆቹ እስከ ቀጫጭኖቹ፣ እንደ ወንዝና ገባር ወንዞቹ ተዘርግተው ያበራሉ። በአንጎል ውስጥ 2ኤ በይበልጥ በደም ሥሮች ይገኛል የሚለውን አስቀድሜ አንብቤ ስለነበር ምንም አልተጠራጠርሁም። ሥዕሉን ለኃላፊዬ ላክሁላት።

ጥቅምት 25 ቀን

በቤተ ሙከራችን ለብዙ ዓመታት የሠሩ፣ እኛ የአገር ልጆች «ጋሼ» የምንላቸው ቴክኒሺያን አሉ። ዛሬ ሥዕሉን አሳየኋቸው። ደጋግመው ካዩት በኋላ፣ «ያምራል። ባዶው የታለ?» አሉኝ። ባዶ የሚሉት የመጀመሪያው አንቲቦዲ ተትቶ ሁለተኛው ብቻ የተጨመረበትን ቁርጥራጭ ነው። አዘጋጅቼዋለሁ፤ ግን የ2ኤው ሥዕል ስላረካኝ ገና አልተመለከትሁትም ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ማስታወሻው የተጀመረው ለዚህ ነው።

ባዶውን ማይክሮስኮፑ ሥር ስናደርገው የደም ሥሮቹ በዚያው መልክ፣ በዚያው ድምቀት አበሩ።

ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም። ደሙ ባልታጠበ የአይጥ አንጎል ውስጥ፣ በደም ሥሮቹ ባዶ ሥፍራ፣ የእንስሳው የራሱ አንቲቦዲ በፓራፎርማልዲሃይዱ ተጣብቆ ይቀራል። ፀረ አይጥ የሆነው ሁለተኛ አንቲቦዲ እኔ የጨመርሁትን የአይጥ አንቲቦዲ አይጡ በተፈጥሮው ካለው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም፤ ሁለቱንም ይይዛል። ያየሁት የ2ኤን ሥርጭት አልነበረም። ያየሁት ጥቅምት 8 ቀን «ለሥርዓቱ ያህል» ብዬ የጻፍሁትን ያልታጠበ ደም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ መሳሳቴ አይደለም፤ መልሱ ትክክል ሊሆን እንደሚችል ማወቄ ነው። 2ኤ በእርግጥ በደም ሥሮች ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ የእኔ ሥዕል ግን ስለዚያ ምንም አልመሰከረም። ከተጠበቀው ውጭ የሆነ ውጤት ቢመጣ ኖሮ ባዶውን በዚያው ሰዓት አየው ነበር። ለኃላፊዬ ሥዕሉን እንድትተወው ጻፍሁላት፤ የመለሰችልኝ አንድ መስመር ነው፦ በልብ በኩል የታጠበ አንጎል አዘጋጅ፣ አንቲቦዲውንም ቀይር።

ኅዳር 3 ቀን

ሁለት አዲስ አንጎሎች ተዘጋጁ። በማደንዘዣ ሥር በግራው የልብ ክፍል በኩል በመጀመሪያ የጨው በፈር፣ ጉበቱ ቀለሙን ለቆ እስኪነጣ ድረስ፣ ከዚያም 4 ከመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ገባ። ደሙ የወጣለት አንጎል ሲወጣ ነጭ ሆኖ ስለሚታይ ከቀደሙት ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻውን ልዩነቱን ያሳያል።

የ2ኤው አንቲቦዲ አሁን ከጥንቸል የተሠራ ነው። የደም ሥርን ሽፋን ለማሳየት ሲዲ31ን የሚይዝ የአይጠ መጎጥ አንቲቦዲ ጨመርሁ። አይጠ መጎጥና አይጥ ቅርብ ዘመዳሞች ስለሆኑ፣ ሁለተኛው አንቲቦዲ የአይጥን ፕሮቲን እንዳይነካ አስቀድሞ የተጣራውን መረጥሁ። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ዙር ሦስት መቆጣጠሪያ ይኖረዋል፦ ሁለተኛው አንቲቦዲ ብቻ ያለበት፣ አንቲቦዲው ከተሠራበት አጭር ፔፕታይድ ጋር አስቀድሞ የተዋሃደበት፣ እና ምንም ያልተጨመረበት ቁርጥራጭ። መጀመሪያ የሚታዩትም እነዚህ ናቸው፤ ዋናው ናሙና የሚቀጥለው ከዚያ በኋላ ነው።

ኅዳር 10 ቀን

ሦስቱም መቆጣጠሪያዎች ጨለማ ናቸው። ይህን ካረጋገጥሁ በኋላ ነው ዋናውን ያየሁት።

2ኤ በደም ሥሮች ውስጥ አለ። የአሁኑ መልክ ግን ከጥቅምቱ የተለየ ነው፤ ያኔ የደም ሥሩ ሆድ በሙሉ ሞልቶ ያበራ ነበር፣ አሁን ግን የሚያበራው ግድግዳው ብቻ ሆኖ መካከሉ ባዶ ነው፤ በቀጫጭኖቹ ላይም ከሲዲ31 ጋር ይደራረባል። የጥቅምቱን ሥዕል በጥንቃቄ ብመለከተው ኖሮ ሙሉ መሆኑ ብቻውን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር፤ የሽፋን ሕዋስ ቀለበት ይሠራል እንጂ ቧንቧውን አይሞላም። አንጎሉን የሚሸፍነው ስስ ሽፋንም ያበራል።

በነርቭ ሕዋሳቱ አካል ላይ የሚታየው የ2ኤ ብርሃን እጅግ ደካማ ነው። «የለም» ብዬ አልጽፍም። በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ በሚያድጉ የነርቭ ሕዋሳት፣ በተለይ ወደፊት በሚገሰግሰው ጫፋቸው ላይ፣ 2ኤ ከ2ቢ ጋር አብሮ እንደሚገኝ ይታወቃል። ጎልማሳ አንጎል ውስጥ በእኔ አንቲቦዲ፣ በእኔ ማይክሮስኮፕ ጎልቶ አይታይም ማለት ግን እችላለሁ።

ኅዳር 17 ቀን

የ2ቢ ተራ ደረሰ። በአንጎል ውስጥ ያለው ጠቀሜታ ቀድሞ በአይጦች ታይቷል፤ ኤምዋይኤች10 የጠፋባቸው አይጦች ከመወለዳቸው በፊት ወይም በተወለዱበት ቀን ይሞታሉ፣ ልባቸው ጉድለት አለው፣ በአንጎላቸውም ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል።

በሂፖካምፐስ (ለማስታወስ በሚያገለግለው የአንጎል ክፍል) ሲኤ1 በሚባለው ሥፍራ ያሉት ፒራሚዳል የነርቭ ሕዋሳት በአካላቸውም ከአካላቸው በሚወጡት ወፋፍራም ቅርንጫፎችም ደምቀዋል። በኮርቴክስም እንዲሁ። ከሁሉ ጎልቶ የታየኝ ግን ሴሬቤለም ነው። የፑርኪንዬ ሕዋሳት በሞለኪውላዊውና በጥራጥሬያዊው ንብርብር መካከል በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ሲሆኑ እያንዳንዳቸው ቅርንጫፋቸውን ወደ ላይ እንደ ዋርካ ዘርግተዋል፤ ብርሃኑም ከአካላቸው ጀምሮ ቅርንጫፉን ተከትሎ ይወጣል። ማንነታቸውን ያረጋገጥሁት በእነሱ ውስጥ የሚበዛውን ካልቢንዲን የተባለ ፕሮቲን በሚይዝ የዶሮ አንቲቦዲ ነው። ለጀማሪ የምለው ነገር ቢኖር፣ ለነርቭ ሕዋስ ሁሉ ምልክት ነው ተብሎ የሚታመነው ኒውኤን የፑርኪንዬ ሕዋስን አይቀባም፤ በእሱ ብቻ የተመራ ሰው እነዚህን ትልልቅ ሕዋሳት የነርቭ ሕዋሳት አይደሉም ሊል ይችላል።

እዚህም አንድ ነገር አሰናከለኝ። ምንም ባልተጨመረበት ቁርጥራጭ ላይ፣ በአንዳንድ የፑርኪንዬ ሕዋሳት አካል ውስጥ ቢጫ ነጠብጣብ መሰል ብርሃን ታየ። ይህ ሊፖፈስሲን ነው፤ በዕድሜ የሚጠራቀም፣ በራሱ የሚያበራ ዝቃጭ ሲሆን በአረንጓዴውም በቀዩም ማጣሪያ ይታያል። በ70 ከመቶ አልኮል የተበጠበጠ 0.1 ከመቶ ሱዳን ብላክ ሲቀባ ጠፋ፤ የ2ቢ ብርሃን ግን ትንሽ ብቻ ደብዝዞ በቦታው ቀረ። ጋሼ ይህን ሲያዩ የተናገሩት ነገር የለም፤ መቆጣጠሪያውን ቀድሜ በማየቴ ደስ እንዳላቸው ግን ገብቶኛል።

2ቢ በቅርንጫፎቹ ላይ ባሉት ጥቃቅን እሾኾች ውስጥ አለ ወይ ተብሎ ከኃላፊዬ ለቀረበልኝ ጥያቄ በዚህ መሣሪያ መልስ አልሰጠሁም። እሾኹ ራሱ ከአንድ ማይክሮሜትር ያነሰ ሲሆን ኮንፎካሉ ጎን ለጎን ያሉ ነገሮችን የሚለየው እስከ 200 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ አንዱ የማዮሲን ክር ደግሞ ብቻውን 300 ናኖሜትር ያህላል። እንዲህ በተጨናነቀ ሥፍራ ብርሃኑ ከእሾኹ ይሁን ከጎኑ ካለ ሌላ ሕዋስ ጫፍ ይሁን መለየት አይቻልም። በሥዕሉ ላይ ቀስት አድርጌ «እሾኽ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነበር፤ ተውሁት።

ኅዳር 24 ቀን

2ቢ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የዘረ መሉ መልእክት ሲቆራረጥና ሲገጣጠም ሁለት ተጨማሪ ክፍሎች ሊገቡበት ይችላሉ፦ ቢ1 የሚባለው 10 አሚኖ አሲድ ሲሆን ኤቲፒ በሚያዝበት አካባቢ፣ ቢ2 የሚባለው 21 አሚኖ አሲድ ሲሆን አክቲን በሚያዝበት አካባቢ ይገባሉ። እኔ ያለኝ አንቲቦዲ የሚይዘው የጭራውን ጫፍ ስለሆነ ተጨማሪ ክፍል ያለውን ከሌለው አይለይም፤ በሥዕሉ ላይ ያየሁት የሁሉም ድምር ነው።

ስለዚህ ከሴሬቤለም፣ ከኮርቴክስ እና ለንጽጽር ከጉበት አርኤንኤ አውጥቼ፣ የቢ2ን ቦታ ከግራና ቀኝ በሚያቅፉ ፕራይመሮች (መነሻ የሚሆኑ አጫጭር የዘረ መል ቁርጥራጮች) ፒሲአር፣ ማለትም የዘረ መልን ክፍል የማባዛት ሥራ፣ ሠራሁ። 21 አሚኖ አሲድ ማለት 63 ፊደል ማለት ነው፤ ያለውና የሌለው በ3 ከመቶ አጋሮዝ ጄል ላይ ተለያይተው ይታያሉ። ጉበት አጭሩን ብቻ ሰጠ። ሴሬቤለም ሁለቱንም ሰጠ፤ ረጅሙም በግልጽ ይታያል። በኮርቴክስ ረጅሙ ደካማ ነው። ቢ2 በፑርኪንዬ ሕዋሳት ውስጥ ጎልቶ እንደሚገኝና ሲጠፋም በእነዚሁ ሕዋሳት ላይ ጉድለት እንደሚታይ ከሚታወቀው ጋር ይስማማል፤ ሆኖም የእኔ ፒሲአር የተሠራው ከተፈጨ ሴሬቤለም ስለሆነ «የፑርኪንዬ ሕዋስ» የሚል ቃል ከሥዕሉ መግለጫ ውስጥ አውጥቻለሁ።

ታኅሣሥ 2 ቀን

የቀረኝ ዕዳ የጥቅምት 11ዱ ጄል ነበር። በዚያ ላይ የታየው የ2ኤ መስመር ምን ያህሉ ከደም ሥሩ ግድግዳ፣ ምን ያህሉ በውስጡ ከቀረ ደም እንደመጣ አላውቅም፤ ፕሌትሌት በ2ኤ የተሞላ ነውና። በጨው በፈር ብቻ ታጥቦ የቀዘቀዘ አንጎልና ሳይታጠብ የቀዘቀዘ አንጎል ጎን ለጎን በአንድ ጄል ላይ፣ በእኩል የፕሮቲን መጠን፣ በከፍተኛ ጨው አውጥቼ አስኬድኋቸው።

የታጠበው ላይ የ2ኤ መስመር ቀንሷል፤ ግን አልጠፋም። የ2ቢ መስመር በሁለቱም እኩል ነው። እንግዲህ ከመጀመሪያው መስመር የተወሰነው ደም ነበር፤ የቀረው የሕብረ ሕዋሱ ነው፤ የቀለበቱም ሥዕል ከዚህ ጋር ይሄዳል። መጠኑን በቁጥር አልጻፍሁም፤ ከሁለት እንስሳ የተገኘ ልዩነት በመቶኛ ቢጻፍ ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ይመስላል። ሁለት ተጨማሪ እንስሳት ተጠይቀዋል።

2ሲ ገና ነው። የተገዛው አንቲቦዲ በኮስ-7 ሕዋሳት ላይ፣ 2ሲ ሊታይ በሚገባበት፣ ምንም መስመር ስላልሰጠ በአንጎል ላይ ልሞክረው አልፈለግሁም። ሌላ እስኪመጣ ድረስ የተረፉትን ቁርጥራጮች በግላይሰሮል መፍትሔ ውስጥ አድርጌ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አስቀምጫቸዋለሁ። የታጠበውን ሣጥን በሰማያዊ፣ ያልታጠበውን በቀይ ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ በቀዩ ላይ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ደም አለው» ብዬ ጽፌበታለሁ።